ጣርማ በር ላይ ሕፃኑ የማን ነው?

በዚህ ምልልስ የሚነጋገሩት ሁለቱ ሰዎች ጸሐፊው የፈጠራቸው ናቸው። አንዱ በጣርማ በር ወረዳ አምቡላንስ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ሌላዋ ሪፈር የሚጻፍላቸውን ታካሚዎች የምታስተባብር የሆስፒታል ሊያዘን ነርስ ናት። መንገዱ፣ ብርዱ፣ ቁጥሩና የሕክምናው ሥራ ግን እውነተኛ ነው። ሲስተር ጽኑ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ጨቅላ ሕፃናት ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ለማስተላለፍ የሚፈረም ስምምነት ረቂቅ አዘጋጅታለች። ከመፈረሙ በፊት ሾፌሩ እንዲያየው ሰጥታዋለች።

ሾፌሩ፦ ረቂቁን አነበብኩት ሲስተር። የላኪው ሆስፒታል ግዴታ ተጽፏል፤ የተቀባዩም ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ስላለው መንገድ ግን ይሄ ነው የሚባል ነገር አላገኘሁም።

ሲስተር፦ ‹‹ሕፃኑ በአምቡላንስ ይጓጓዛል›› የሚል አለ እኮ፣ ጋሼ።

ሾፌሩ፦ እሱን አይቼዋለሁ። በማን አምቡላንስ? በማን ነዳጅ? አጠገቡስ ማን ይቀመጣል? ልጁ ከደብረ ሲና ሲነሣ የላኪው መዝገብ ‹‹ሪፈር ተደርጓል›› ተብሎ ይዘጋል። የተቀባዩ መዝገብ ደግሞ ገና አልተከፈተለትም። ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ትንፋሹ ቢቆም ያ ልጅ የማን ነው? እኔ መሪ ይዣለሁ፤ ኋላ ያሉት አያቱና አባቱ ናቸው።

ሲስተር፦ ረቂቁን ለእርስዎ የሰጠሁት ለዚህ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የሪፈራል መመሪያ አለ። ላኪው አስቀድሞ ተቀባዩን ያነጋግር፣ የሪፈር ወረቀት በሥርዓት ይጻፍ፣ ተቀባዩም ግብረ መልስ ይላክ ይላል። መመሪያው ለአገር የተጻፈ ነው። ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ብርሃን እርስ በርሳቸው የሚዋዋሉት ግን የጣርማ በርን ዳገት የሚያውቅ መሆን አለበት።

ሾፌሩ፦ እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር አስረጂኝ። ሕፃኑን ከነጭራሹ ለምን እናንቀሳቅሰዋለን? ደብረ ሲናም ሆስፒታል አለ። ሐኪም አለ፣ ነርስ አለ።

ሲስተር፦ አለ። ደብረ ሲና ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። በአገራችን አደረጃጀት እንዲህ ያለው ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ ከሥሩ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች አሉ። ከበላዩ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ደብረ ብርሃን ያለው ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይመጣል። ሲወለድ የታፈነ፣ ያለጊዜው የተወለደ፣ ኢንፌክሽን የያዘው ሕፃን የመጀመሪያ እርዳታው እዚያው የተወለደበት ቦታ ነው። ሳንባው ያልጠና፣ ራሱን ችሎ መተንፈስ ያቃተው ልጅ ግን በአፍንጫው የማያቋርጥ የአየር ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ሲፓፕ የምንለውን። ሌት ተቀን የሚከታተለው ነርስ፣ የሕፃናት ስፔሻሊስት፣ ላቦራቶሪም ይፈልጋል። ይህን ሁሉ በየወረዳው ማቆም አይቻልም። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1976 ማርች ኦፍ ዳይምስ የተባለው ድርጅት ያሰባሰበው ኮሚቴ የወሊድና የጨቅላ ሕፃናት አገልግሎትን በደረጃ ከፍሎ ሆስፒታሎች በስምምነት እንዲተሳሰሩ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። የእነሱ ተራራ ግን የእኛን አይመስልም።

ሾፌሩ፦ ብዙ ልጅ ነው የሚሞትብን?

ሲስተር፦ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር ደረጃ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አጭር ዳሰሳ ቁጥሩ 33 ሆነ። የ2008ቱ ዳሰሳ በአማራ ክልል ከዚያ በፊት የነበሩትን 10 ዓመታት ሲያሰላ ያገኘው 47 ነው። ዓለም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ወደ 12 እናውርደው ብሎ የተስማማበትን ያህል አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። የሚገድሏቸውም እንግዳ በሽታዎች አይደሉም፤ ያለጊዜው መወለድ፣ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ለእኔ በጣም የሚከብደኝ ቁጥሩ ብቻ አይደለም። በዚያው ጊዜ በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች ከ26 በመቶ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብለው ነበር። እናቶቹ ‹‹ኑ›› ስንላቸው መጥተዋል። ከመጡ በኋላ ልጃቸውን የምናቆይበትን ነገር ግን በዚያው ልክ አላዘጋጀንም።

ሾፌሩ፦ እንግዲያው ስለ መንገዱ ልንገርሽ፤ ጻፊው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው። ከዚያ ሌሊት የተነሣ ልጅ በቀጭን ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚሰጠኝ፤ እዚያ ስለሚሞቅ ማንም ብርድ አይታሰበውም። አርማንያን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ መስኮት እንዘጋለን። ከደብረ ሲና በላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ክረምት ከሆነ ጉሙ መብራቴን ይመልስብኛል፤ ከፊቴ ያለውን ተሳቢ የማየው ልደርስበት ስል ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ዋሻ ጋ ስንደርስ ከግድግዳው ውኃ ይንጠባጠባል። ዋሻውን ወጥተን ወደ ደብረ ብርሃን ስንል ደግሞ ሜዳው ላይ ያለው ነፋስ አለ። ጥቅምትና ኅዳር ውርጭ ይጥላል። የመኪናው ማሞቂያ ከሠራ ሠራ፤ ካልሠራ አያትየዋ ነጠላዋን ትደርብለታለች። እኔ ከኋላ የሚሆነውን በመስታወት ብቻ ነው የማየው።

ሲስተር፦ ይህን በሐኪም ቋንቋ ልጨምርበት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አንድ ልጅ በሁለት ሰዓት ተኩል ጉዞ ውስጥ ብቻ 12 ዲግሪ ገደማ ወደ ቀዘቀዘ አየር ይገባል። የጨቅላ ሕፃን ጤነኛ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ከ36 በታች ከወረደ አደጋ ላይ ነው፤ ከ32 በታች ከወረደ እጅግ አስጊ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ጥቂት ነው። ሙቀት ለማመንጨት ስኳሩን ያቃጥላል፣ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ስኳሩ ሲያልቅ ይዝላል፤ ሲዝል ትንፋሹ ይቆራረጣል። ተቀባዮቹ ‹‹ሳንባው ነው የገደለው›› ብለው ይጽፋሉ። መነሻው ግን ብርዱ ሊሆን ይችላል።

ሾፌሩ፦ አየሩስ? እኔ ራሴ እዚያ ላይ ወርጄ ጎማ ስቀይር ትንፋሽ ያጥረኛል።

ሲስተር፦ እሱን ብዙ ሰው አያስበውም። ጣርማ በር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ቢሆን ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ኦክስጅን ድጋፍ ደህና የሚመስል ልጅ እላይ ሲደርስ ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ ‹‹አሁን ደህና ነው፣ ኦክስጅን አያስፈልገውም›› ብሎ ወደ ዳገቱ መስደድ ልክ አይደለም። ስሌቱም ከመነሣት በፊት ይሠራል። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር መለኪያው 100 ባር ካሳየ 1,000 ሊትር ኦክስጅን አለው። በደቂቃ 5 ሊትር ከተለቀቀ 200 ደቂቃ ይቆያል። መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ዘግቶ ብንቆምስ? ለጉዞው ከሚያስፈልገው እጥፍ እንያዝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ከመጠን ያለፈ ኦክስጅን ደግሞ ያለጊዜው የተወለደን ልጅ ዓይን ይጎዳል፤ ስለዚህ እግሩ ላይ የሚታሰር የኦክስጅን መለኪያ መኪናው ውስጥ ግድ ነው። ድጋፍ የሚያገኝ ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ንባብ በ90 እና በ95 በመቶ መካከል ይጠበቃል።

ሾፌሩ፦ ለብርዱስ ምን አሰብሽ? ከተማ ያለው የመስታወት ሣጥን በእኔ መኪና አይገባም።

ሲስተር፦ የጉዞ ኢንኩቤተር ውድ ነው፤ ባትሪውም ይደክማል። እኛ ግን ከእሱ የማያንስ ነገር አለን። ልጁን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ በሰው ደረት ላይ ማስተኛት፣ ቆዳ ለቆዳ፤ ከላይ በጨርቅ ማሰር፣ በዚያ ላይ የመንዝ ባና መደረብ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ኢንኩቤተር ያነሳቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ሕፃናቱ ገና በተወለዱበት ቀን ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አሳትመዋል፤ በእናታቸው ደረት ላይ የዋሉት በተሻለ ቁጥር ተርፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ትልቅ ጥናት ደግሞ በአምስት አገሮች ሞክሮት ሞትን በሩብ ቀንሷል። ለመንገድ የሚሆን ማስረጃም አለ። ጀርመን ውስጥ 31 ሕፃናት ከሆስፒታል ሆስፒታል በሰው ደረት ላይ ሆነው ተጓጉዘው ሙቀታቸውና የልብ ምታቸው ሳይናወጥ ደርሰዋል። ጀርመኖች ኢንኩቤተር አጥተው አይደለም።

ሾፌሩ፦ ደረቱ የእናቲቱ ከሆነ እናቲቱ መኖር አለባት። እሷ ደግሞ አትመጣም። ይሄን ነገር በሙሉ ልብ ስሚኝ፤ ከብርዱም ከጉሙም ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። አራሷን ‹‹ብርድ ይመታታል፣ ደሟም ገና ነው›› ብለው ያስቀሯታል። ልጁን ለአያት ያስታቅፋሉ። ሽማግሌዎቹ ክፋት የላቸውም፤ አራስ በዚያ ነፋስ ማውጣት ያስፈራል፣ እኔም ያስፈራኛል። ታዲያ ልጁ ደብረ ብርሃን ይገባል፣ ጡት የለም። እናቲቱ ቤት ቁጭ ብላ ጡቷ አግቶ ታለቅሳለች። አንዳንዷ ደግሞ መኪናው ድረስ ወጥታ ‹‹ሳይጠመቅ እንዳይሞትብኝ›› ትለኛለች። ምን እመልስላታለሁ?

ሲስተር፦ ለሞት የቀረበ ሕፃን 40 ወይም 80 ቀን ሳይጠበቅ እንደሚጠመቅ ካህናቱ ያውቃሉ። ቤተሰቡ ካህን ማስጠራት ቢፈልግ መነሣትን ሳያዘገይ የሚሆንበት መንገድ አለ፤ ደብረ ብርሃንም ካህን አለ። ይህን የሚነግራት ሰው ግን ያስፈልጋል። ስለ እናቲቱ ደግሞ አንቀጹ እንዲህ እንዲል እፈልጋለሁ፦ እናት ከሕፃኑ አትለይም። ደም እየፈሰሳት ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ገና ያልተረጋጋች ከሆነች ብቻ ትቆያለች፤ ያኔም አባት ወይም አያት በደረቱ ይዞት ይሄዳል፣ የእናቲቱ ወተት ታልቦ በንጹሕ ዕቃ አብሮ ይላካል፣ እናቲቱም ስትረጋጋ ያው አምቡላንስ ያመጣታል። ተቀባዩ ሆስፒታል ደግሞ እናቲቱ የምትተኛበት ቦታና የምትበላው ምግብ ያዘጋጃል። ይህ በስምምነቱ ካልተጻፈ ኮሪደር ላይ ነው የምታድረው። ኮሪደር ላይ ያደረች አራስ በሦስተኛው ቀን ‹‹ልጄን ስጡኝ ልሂድ›› ትላለች። ፈርደውባት ‹‹ያለ ሐኪም ፈቃድ ወጣች›› ብለው እንዳይጽፉ ነው የምፈልገው።

ሾፌሩ፦ ደግ ብለሻል። አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። አንድ ሌሊት አንድ ሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ‹‹አልጋ የለም፣ ውሰደው›› ተብያለሁ። ልጁ በአያቱ እጅ ላይ ነበር። ወዴት ልውሰደው? ወደ መጣሁበት ልመልሰው ወይስ ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ልቀጥል? ነዳጁ ለአዲስ አበባ አልተሞላም። ልጁ እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ሲስተር፦ የስምምነቱ ልብ እዚህ ላይ ነው። የጻፍኩትን ላንብብልዎ፦ ‹‹ላኪው ከመነሣቱ በፊት ይደውላል፤ ተቀባዩ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይመልሳል። ‘አምጡት’ ካለ አልጋውን ይይዛል፤ በር ላይ አይመልስም። አልጋ ከሌለው ሌላ ተቀባይ ፈልጎ የሚያገኘው ራሱ እንጂ ላኪው ወይም ሾፌሩ አይደለም።›› ትልቁ ሆስፒታል የሌሎቹን ትልልቅ ሆስፒታሎች ስልክ ያውቃል፤ ጤና ጣቢያ ላይ ብቻዋን ያለችው አዋላጅ አታውቅም። ‹‹አልጋ የለም›› ማለት አንዳንዴ እውነት ነው፤ አንድ ማሞቂያ ላይ ሦስት ሕፃን የሚተኛበት ቀን አለ። እውነቱን በስልክ መስማትና በር ላይ መስማት ግን ለሕፃኑ አንድ አይደለም።

ሾፌሩ፦ ‘አምጡት’ ካሉ በኋላስ? አሁንም ጥያቄዬን አልመለስሽልኝም። ጣርማ በር ላይ የማን ነው?

ሲስተር፦ የሁለቱም ነው፤ እያንዳንዳቸው በምን እንደሚጠየቁ ግን ይለያል። ሕፃኑ በላኪው ሆስፒታል ነርስ ወይም አዋላጅ ታጅቦ ይሄዳል፤ ርክክብ እስኪፈረም ድረስም የላኪው ታካሚ ነው፤ ‹‹ሪፈር›› ተብሎ መዝገብ አይዘጋም። ተቀባዩ ደግሞ ‘አምጡት’ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ ሕክምናውን በስልክ ይመራል። አጃቢዋ ‹‹ንባቡ ወረደ፣ ምን ላድርግ?›› ብላ ስትደውል ተረኛው የሕፃናት ሐኪም የማንሣት ግዴታ አለበት። ሲደርሱ ሰዓቱ፣ የሕፃኑ ሙቀት፣ የኦክስጅኑ ንባብና የስኳሩ መጠን ተጽፎ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከ36 ዲግሪ በታች የደረሰ ልጅ ካለ በሦስት ወሩ ስብሰባ ላይ ለምን እንደሆነ ይጠየቃል።

ሾፌሩ፦ መንገድ ላይ ያረፈውስ?

ሲስተር፦ እሱ ነው እስካሁን የማይቆጠረው። ላኪው ጋ ‹‹ተልኳል››፣ ተቀባዩ ጋ ‹‹አልደረሰም››። አገሪቱ የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን ሞት እየመረመረች ምላሽ የምትሰጥበት ሥርዓት አላት፤ መንገድ ላይ የሞተ ልጅ ግን በማን ስም ይገባል? ረቂቁ ላይ በላኪው ስም ይመዘገባል፣ ሁለቱም አብረው ይመረምሩታል ብዬ ጽፌያለሁ። ያልተቆጠረ ሞት ምክንያቱ አይፈለግም።

ሾፌሩ፦ አጃቢ አልሽ። ማታ አንዲት አዋላጅ ብቻ ናት ተረኛ። እሷን ይዤ ከሄድኩ ሌላ ምጥ ቢመጣ ማን ይቀበላል?

ሲስተር፦ በእውነት ከባዱ እሱ ነው፤ በወረቀት አይፈታም። ወረዳውና ሆስፒታሉ ሌሊት ተጠርቶ የሚመጣ ሰው በስም መድበው የትርፍ ሰዓት ክፍያውን በበጀት ሊይዙ ይገባል። ነዳጁም እንዲሁ። አምቡላንሱ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ነው፣ ነዳጁ ከወረዳው በጀት ነው፤ ሆስፒታሎቹ ብቻ ቢፈራረሙ ታዲያ ማን ይገደዳል? ስለዚህ ሦስተኛ ፈራሚ ወረዳው ይሁን። ቤተሰብ ‹‹ነዳጅ ሙሉ›› እንዳይባልም በግልጽ ይጻፍ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱ ከሌለ ላይኛው ሆስፒታል ላይ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል፤ ወረቀቱ ከሕፃኑ ጋር መውጣቱን አጃቢዋ ታረጋግጥ።

ሾፌሩ፦ ስም የሌለው ልጅ ነው እኮ የምንይዘው። ወረቀቱ ላይ ‹‹የእገሊት ልጅ›› ነው የሚባለው።

ሲስተር፦ ስለዚህ የእናቱ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ሰዓትና ክብደቱ እጁ ላይ ይታሰራል። የተሰጠው መድኃኒትም ከነሰዓቱ ይጻፍ። ኢንፌክሽን ለተጠረጠረበት ልጅ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ፣ አምፒሲሊንና ጄንታሚሲን፣ ከመነሣቱ በፊት ሊሰጥ ይገባል፤ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ የሚጠበቅ አይደለም። ስኳሩ ወርዶ ከተገኘ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር የ10 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር። የምናረጋጋው እዚያው ነው፣ የምናንቀሳቅሰው የተረጋጋውን ነው። ‹‹ቶሎ ይሂድ›› ብሎ የቀዘቀዘ ልጅ መኪና ውስጥ መወርወር ማዳን አይደለም።

ሾፌሩ፦ ያልጠየቅሽኝ አንድ ነገር ልበልሽ። አንዳንዱን ልጅ ስወስድ ‹‹ይሄ እዚሁ ቢቀር ይሻለው ነበር›› እላለሁ። ያለቅሳል፣ ይጠባል፤ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ፈርተው ላኩት።

ሲስተር፦ ልክ ነዎት፤ ይህም በስምምነቱ ይግባ። 1,800 ግራም የሚመዝን፣ ራሱን ችሎ የሚተነፍስና የሚጠባ ልጅ ቦታው ደብረ ሲና በእናቱ ደረት ላይ ነው። ማን ይላካል፣ ማን አይላክም የሚለው በአንድ ገጽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ላይኛውም ሆስፒታል ‹‹ለምን ላካችሁ›› ከማለት ይልቅ በየጊዜው ወርዶ ያሠልጥን። ሲፓፕ እዚህ እንዲሠራ ካስቻሉ ግማሹ ጉዞ ይቀራል። ሁለተኛው ነገር መልስ መላክ ነው። የዳነ ልጅ ክብደት እስኪጨምር ሳምንታት ደብረ ብርሃን መቆየት የለበትም፤ ወደ ደብረ ሲና ይመለስ፣ አልጋውም ለሚቀጥለው ይለቀቅ። አሁን ወደ ላይ ብቻ ነው የምንልከው፤ የሚመልስልን የለም፣ ግብረ መልሱም አይመጣም። እርስዎም ያ ልጅ እንዴት እንደሆነ ያላወቁት ለዚህ ነው።

ሾፌሩ፦ ከደብረ ብርሃንም በላይ የሚሄዱ አሉ።

ሲስተር፦ አሉ። አንጀቱ ውጭ ሆኖ የተወለደ፣ የምግብ ቧንቧው ያልተገናኘ፣ የጀርባ አጥንቱ ያልገጠመ ሕፃን የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳን ወደመሰለ ሆስፒታል ነው የሚሄደው። ለእነሱ ደብረ ብርሃን ማረፊያና ማረጋጊያ ይሆናል፤ አጃቢም መኪናም እዚያ ይቀየራል፣ ከደብረ ሲና የሄደችው አዋላጅ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አሁን ግን ከሁሉ የሚሻለውን ልንገርዎ። ያለጊዜው ሊወለድ የሚችለውን ልጅ ገና በማሕፀን እያለ ማንቀሳቀስ ነው። በ32 ሳምንት ምጥ የጀመራት እናት ልጁን ሆዷ ውስጥ እንደያዘች ብትሄድ ብርዱም አያገኘው፣ ትንፋሹም አይቋረጥ። በአሜሪካ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ሥራ ከ1,500 ግራም የማይበልጡ ሕፃናት ከፍተኛ ደረጃ ባለው ሆስፒታል ሳይሆን በሌላ ቦታ ሲወለዱ የመሞት ዕድላቸው በ60 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ለሳንባ ማጠንከሪያ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም ለእናቲቱ ከወሊድ በፊት መርፌው ከተሰጠ ነው የሚጠቅመው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአምስት አገሮች የተደረገው ጥናት የጨቅላ ሞትን ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ አውርዷል። ታዲያ እናቶችን የምናስቀድምበት መንገድ አለን፤ የእናቶች ማቆያ። መንታ የያዘች፣ ቀድሞ ያለጊዜው የወለደች፣ ደም ግፊት የያዛት እናት ቀኗ ሳይደርስ ደብረ ብርሃን ማቆያ ትግባ። ይህንንም ስምምነቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ሾፌሩ፦ ከሸለቆ ውስጥ በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ዳር የሚያደርሷትን እናት ማቆያ ግቢ ማለት ቀላል አይደለም። ቤቷ ልጆች አሉ፣ ከብት አለ።

ሲስተር፦ አይደለም፣ አውቃለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቤት ለቤት ያነጋግሩ፤ ባልየውን ነው ማሳመን። የሚከብድ ስለሆነ ልንተወው አንችልም።

ሾፌሩ፦ መንገዱ ሲዘጋስ? በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። በክልላችን ስንት ጤና ተቋም ተዘረፈ። ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ክረምት ደግሞ የደብረ ሲና ተዳፋት ይናዳል። ዳገቱ ሲዘጋ ሕፃኑን ይዤ የት ልሂድ?

ሲስተር፦ ሁለት ነገር ጽፌያለሁ። አንዱ አማራጭ ተቀባይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ያለው ወደ ላይ መውጣት ካልቻለ ወደ ደሴ ይደውላል፤ ሩቅ ነው፣ ግን አስቀድሞ የተስማሙበት ስልክ ይኖራል። ሁለተኛው፣ በሁለቱም አቅጣጫ ከተዘጋ የደብረ ብርሃኑ ሐኪም ሕፃኑን እንደ ራሱ ታካሚ ቆጥሮ ጠዋትና ማታ በስልክ ይከታተላል። ለአምቡላንስ ማለፊያ ግን ሆስፒታል ብቻውን ሊፈርም አይችልም። መሣሪያ የያዘ ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ሕፃን የያዘ መኪና እንዲያልፍ ማድረግ አለበት። የእምነት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ይህን ከሁሉም ወገን እንዲያስገቡልን እለምናለሁ።

ሾፌሩ፦ ከተፈረመስ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ቢገባ?

ሲስተር፦ ስለዚህ ቀን ይኑረው። በየሦስት ወሩ ላኪውም፣ ተቀባዩም፣ ወረዳውም፣ ሾፌሮቹም አንድ ላይ ይቀመጡ፤ ስንት ተላከ፣ ስንት ቀዝቅዞ ደረሰ፣ ስንት ተመለሰ፣ ስንት መንገድ ላይ ሞተ ተብሎ ይነበብ። እርስዎ በዚያ ስብሰባ ወንበር እንዲኖርዎት በስም ሳይሆን በሥራ መደብዎ አስገብቻለሁ።

ሾፌሩ፦ እኔ አንድ ጭማሪ አለኝ። መኪናው ውስጥ ኋለኛው ክፍል ማሞቂያው የማይሠራ አምቡላንስ ጨቅላ ሕፃን አይጫንበት በይ። ሁለት ባና፣ ኮፍያና ቴርሞሜትርም ከመኪናው አይውጡ፤ እንደ ትርፍ ጎማ ይቆጠሩ። ጠዋት ሲፈተሽ እነሱም ይፈተሹ።

ሲስተር፦ አሁኑኑ እጽፈዋለሁ። እንግዲህ የሚቀረው የሚፈርሙት ናቸው። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች፣ የወረዳና የዞን ጤና ኃላፊዎች፣ ይህን ስምምነት ቢሮ ውስጥ ተቀምጣችሁ እንዳትፈርሙት። በጥቅምት ሌሊት አንድ ጊዜ በዚህ አምቡላንስ ኋለኛ ወንበር ላይ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን ተሳፈሩ፣ ከዚያ አንቀጾቹን አንብቡ፤ የጎደለውን ሞልታችሁ ነዳጁንና የአጃቢዋን አበል በዚህ ዓመት በጀት ያዙ።